ካፕሱሉ ነው፣ ባሩዱ ነው ወይስ ቀለሁ? በእጅ የተሞላ ጥይት ለምን ይበተናል

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ተወልዶ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር እየተጫወተ ያደገ ልጅ ነው። አሁን የሚኖረው አሜሪካ፣ ሞንታና ነው። እዚያ ብዙ ሰው አጋዘን ያድናል። እሱም ለመደ። ልቡን የወሰደው ግን አደኑ አይደለም። ጥይቱን ራሱ መሙላት ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ያጸዳል። አዲስ ካፕሱል ይተክላል። ባሩድ መዝኖ ያስገባል። አረሩን ከላይ ይገጥማል። እዚያ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ዕቃውም ሱቅ ይሸጣል።

አንድ እሑድ ደወለልኝ። እኔ ደሴ ቤቴ ነበርኩ፤ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ነበር።

«ጋሼ፣ ጠመንጃዬ የተበላሸ መሰለኝ» አለኝ።

100 ሜትር ላይ ሦስት ጥይት ሲተኩስ ቀዳዳዎቹ በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይሰበሰቡለት ነበር። አሁን 3 ከግማሽ ሆነበት። ምን ቀየርክ አልኩት። «ካፕሱል ብቻ። የለመድኩት ከሱቅ ጠፋ» አለ። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «ባሩዱም አዲስ ጣሳ ነው፤ ግን ያው ስም ነው» አለኝ። ልንሰነባበት ስንል ደግሞ «ቀለሁን ከጓደኛዬ ነው የወሰድኩት» ብሎ ጨመረ።

ሦስት ነገር ቀይሯል ማለት ነው። የሚከሰው ግን አንዱን ነው።

ቤት ውስጥ ቡናው አልጥም አለ እንበል። ቡናው ከሌላ ነጋዴ የተገዛ ነው። ጀበናው ተሰብሮ አዲስ መጥቷል። ቧንቧ ስለጠፋ ውሃውም ከቦቴ የተቀዳ ነው። ጣዕሙን ያበላሸው የትኛው ነው? አይታወቅም። የልጁም ችግር ይኸው ነበር። ለብዙ ዓመት ደሴ ውስጥ ፊዚክስ ስላስተማርኩ ጥያቄው ያዘኝ። ከእሱ ጋር ሳምንታት ተነጋገርንበት። የተረዳሁትን ልጻፈው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። በአገራችን የጦር መሣሪያ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት ክልክል ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈባቸው ከተሞች ናቸው። የተኩስ ድምፅ ለብዙዎቻችን ጨዋታ አይደለም። ስለዚህ አሞላል አላስተምርም፤ የባሩድ መጠንም አልጠቅስም። የምጽፈው ውጭ ያሉ ልጆቻችን በዚህ ነገር ውስጥ ስላሉና እዚያ የሚሠራ ስህተት ዓይንና እጅ ስለሚያሳጣ ነው። ደግሞም ትንሽ ለውጥ እንዴት ትልቅ ውጤት እንደሚያመጣ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አንድ የጠመንጃ ጥይት አራት ነገር ነው። ቀለህ አለ፤ ናሱ ማለት ነው፣ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ። ከቀለሁ ሥር መሐል ላይ የተተከለችው ትንሽ ክብ ቆብ ካፕሱል ናት። ውስጡ ባሩድ አለ። ከፊት ያለው፣ በርሮ የሚሄደው ደግሞ አረር ነው።

ቃታው ሲሳብ መምቻው ካፕሱሉን ይመታል። ካፕሱሉ እሳት ይረጫል። ባሩዱ ይቀጣጠልና ጋዝ ይሆናል። በተለመደ የአደን ጥይት ውስጥ ግፊቱ እስከ 4,000 አትሞስፌር ሊጠጋ ይችላል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ሁለት ወይም ሁለት ተኩል ነው። አረሩ ጠቅላላውን የጠመንጃ ቱቦ ጨርሶ የሚወጣው በአንድ ሺሕኛ ሰከንድ፣ ቢበዛ በአንድ ተኩል ሺሕኛ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። ጥያቄው ሁሉ ያለው እዚህች ቅጽበት ውስጥ ነው። ግፊቱ በምን ፍጥነት ወጣ? ከፍተኛው የት ላይ ደረሰ? በሚቀጥለው ጥይትስ በትክክል ይደገማል ወይ? ጥሩ ጥይት ማለት ኃይለኛ ጥይት ማለት አይደለም። ራሱን የሚደግም ጥይት ማለት ነው።

አራቱ ነገሮች ደግሞ የተያያዙ ናቸው። አንዱን ስትነካ ሦስቱ ይነቃነቃሉ። ይህን ከማንም በላይ የሚያሳየው የባሩድ ታሪክ ነው።

ወሎ ውስጥ ውጅግራ የሚለውን ስም ያልሰማ ሽማግሌ የለም። ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ «ፊዚ ግራ»፣ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። በፈረንጆች 1874 የወጣ ነው። አፉ 11 ሚሊ ሜትር ነው። አረሩ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ነው። የሚተኮሰው በጥቁር ባሩድ ነበር፤ ፖታሲየም ናይትሬት የሚባለው ጨው፣ ከሰልና ድኝ ተቀላቅሎ የሚሠራው። ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። ያኔ ጥይት ውድ ነገር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በገበያችን እንደ ገንዘብ ሁሉ ያገለግል ነበር።

በ1884 ፖል ቪየይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። የቀየረው ባሩዱን ብቻ ነው። የሆነውን ግን ተመልከቱ። አዲሱ ባሩድ በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ስለዚህ አረሩ ፈጠነ። ሲፈጥን ልቅ እርሳስ አልቻለውም፤ በቱቦው ውስጥ ባለው ጥምዝ ላይ እየተላጠ ይቀር ጀመር። አረሩ በጠንካራ ብረት ልብስ መሸፈን ነበረበት። አፉም ጠበበ፤ በ1886 የወጣው የለበል ጠመንጃ 8 ሚሊ ሜትር ሆነ። ጠመንጃው ራሱም ለአዲሱ ግፊት እንደ አዲስ መሠራት ነበረበት። ለጥቁር ባሩድ በተሠራ ጠመንጃ ውስጥ ያንኑ ያህል ጭስ አልባ ባሩድ የጨመረ ሰው ቱቦውን ያፈነዳዋል። ይህ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ሰው የሚጎዳበት ስህተት ነው።

ዛሬ ጥይት የሚሞላ ሰው የሚቀይረው ይህን ያህል አይደለም። አንዱን ጭስ አልባ ባሩድ በሌላ ጭስ አልባ ባሩድ ነው። ሕጉ ግን ያው ነው። ባሩድ ቶሎ የሚነድ አለ፣ ዘግይቶ የሚነድ አለ። ያው ክብደት፣ ሌላ ግፊት። ስሙ አንድ ሆኖም እንኳ ከአንድ ምርት ዙር ወደ ሌላው ጥቂት ይለያያል። ፋብሪካዎቹ እያደባለቁ ልዩነቱን ያጠብቡታል፤ ጨርሰው ግን አያጠፉትም። ልጁ «ያው ስም ነው» ሲለኝ ያልተቀበልኩት ለዚህ ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ የሠራ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ጥጡ ያው ጥጥ ቢባልም አዲስ ጭነት ሲገባ ክሩ እንደ ድሮው ላይወጣ ይችላል።

ቀለሁ ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ነው። ዕቃ መያዣ ብቻ ይመስላል። ግን የምድጃው ግድግዳ እሱ ነው። ከውጭ ሲታይ ሁሉም እኩል ነው፤ ጠመንጃው ውስጥ ካልገባ አይሠራማ። ልዩነቱ ከውስጥ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ናስ ወፍራም ነው፣ የሌላው ቀጭን። ግድግዳው ሲወፍር ውስጡ ይጠብባል። በጠበበ ቦታ ያው ባሩድ የበለጠ ግፊት ይፈጥራል። ለጦር ሠራዊት የሚሠራ ቀለህ ብዙ ጊዜ ወፈር ያለ ነው። ልጁ ከጓደኛው የወሰደው ደግሞ ከዚያ ዓይነት ነበር።

ሌላም አለ። ናስ ይደክማል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ስታጥፈው እየጠነከረ ሄዶ እንደሚሰበረው ሁሉ፣ ቀለህም በተተኮሰና በተጠገነ ቁጥር አንገቱ ይደርቃል። የደረቀ አንገት አረሩን የሚይዝበት ጉልበት ከአዲሱ ይለያል። አንዱ ጥይት አረሩን ጠበቅ አድርጎ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ከለቀቀ ግፊቱ አይደገምም። ስለዚህ አምስት ጊዜ የተተኮሰን ቀለህ ከአዲስ ጋር ቀላቅሎ እየተኮሰ «ጥይቴ ተበተነብኝ» የሚል ሰው መጀመሪያ ቀለሁን ይለይ።

ካፕሱል ትንሿ ናት። በእኔ ግምት ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቷ የምትከሰሰውም እሷ ናት። የእሳቷ ብርታትና እርዝማኔ ከዓይነት ዓይነት ይለያያል። ለትልልቅ ጥይት የሚሠራ ጠንካራ ካፕሱል አለ፤ እሱን በተለመደው ቦታ መተካት ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ ቀልድ አይደለም። በአንድ ደረጃ ካሉት መካከል መቀየር ግን በአብዛኛው የሚታየው በፍጥነት ላይ ነው። በቅርብ ኢላማ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው።

አሁን ወደ አረሩ እንምጣ። ከአራቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው እሱን ነው። ከቱቦው የሚወጣውና አየር ላይ ብቻውን የሚቀረው እሱ ነውና።

የጠመንጃ ቱቦ ውስጡ ጥምዝ መስመር አለው። አረሩ በዚያ እየተሽከረከረ ይወጣል። ጥምዙ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ዙር የሚያዞር ከሆነና አረሩ በሰከንድ 800 ሜትር ከሄደ፣ በሰከንድ 3,200 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ልጆች ሆነን እንዝርት ስናሾር ያየነው ነገር ነው፤ በደንብ የዞረ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ዙሩ ያነሰው ይንገዳገዳል። በዚህ ፍጥነት ሲዞር የክብደቱ መሐል በትንሹ እንኳ ወደ ጎን ያደላ አረር ኢላማው ላይ ያስታውቃል። በደንብ የተሠራ አረር ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ቁም ነገሩ ክብደቱ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሁለት አረሮች እኩል 10 ግራም ሊመዝኑ ይችላሉ። አንዱ እርሳስ ሆዱ ያለው ነው። ሌላው ሙሉ በሙሉ መዳብ ነው። እርሳስ በኩብ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ይመዝናል፤ መዳብ 8.9 ግራም ገደማ። ስለዚህ ያንኑ ክብደት ለማግኘት የመዳቡ አረር መርዘም አለበት። ሲረዝም ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛ፣ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የበለጠ መሽከርከር ይፈልጋል። ያንተ ቱቦ ጥምዙ ዘገምተኛ ከሆነ አረሩ ይንገዳገድና ወረቀቱን በጎኑ ሊቀድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ወደ ቀለሁ ጠልቆ ስለሚገባ የባሩዱን ቦታ ይሻማል። ቦታ ሲጠብብ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል። ክብደቱን ብቻ አይቶ «ያው ነው» ብሎ የቀየረ ሰው ሳያውቀው የምድጃውን መጠን ቀይሯል።

አረሩ ምን ያህል ጠልቆ እንደተገጠመም ለብቻው ጉዳይ ነው። ከአረሩ ትከሻ እስከ ጥምዙ መጀመሪያ ያለችው ክፍተት ትንሽ ናት። አረሩ ያቺን ክፍተት ዘሎ ነው ጥምዙን የሚይዘው። አንዳንድ ጠመንጃ በዚህች ቦታ ላይ የሚሊ ሜትር ጥቂት አስረኞች ሲቀየሩ ስብስቡ ይጠብቅለታል ወይም ይሰፋበታል። ጭራሽ ጥምዙን እስኪነካ ከተገፋ ደግሞ ግፊቱ ይነሳል።

ቱቦውም አይቆምም። ጥይቱ ሲፈነዳ እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባል። ጫፉ በጣም በትንሹ ወዲህና ወዲያ ይላል። አረሩ የሚወጣበት ቅጽበት ሁልጊዜ አንድ ከሆነ አፈሙዙ ያለበትም ቦታ ይቀራረባል። ባሩዱን ወይም ካፕሱሉን ስትቀይር የመውጫው ቅጽበት ይቀየራል። አንዳንድ ጊዜ አዲሱ ጥይት ስብስቡ ጠባብ ሆኖ ሳለ ሁሉም ወደ ግራ ሄዶ የሚገኘው ለዚህ ጭምር ነው። ይህ መበተን አይደለም። የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ማስተካከል ብቻ ነው የሚፈልገው። ጀማሪዎች ሁለቱን ያምታታሉ።

ፍጥነት ሲለያይስ? እዚህ ላይ ርቀቱ ይወስናል። ሁለት ጥይቶች በሰከንድ 10 ሜትር ተለያዩ እንበል፤ አንዱ 800፣ ሌላው 790። 100 ሜትር ላይ ከፍታቸው የሚለያየው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወረቀቱ ላይ አታየውም። 600 ሜትር ላይ ግን ልዩነቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ልጁ 100 ሜትር ላይ ያየውን መስፋት በፍጥነት ልዩነት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ይህን ስነግረው ዝም አለ።

እዚህ እኛ አገር ቢሆን ሌላም ነገር ይጨመርበት ነበር። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ 2,500 ገደማ። በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፤ ጠመዝማዛውን ወጥተህ ስትጨርስ ግን ትንፋሽህ ራሱ ይነግርሃል። የደሴ አየር ከኮምቦልቻው በ6 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር አረርን ያነሰ ይጎትታል። ያው ጥይት ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ጥቂት ከፍ ብሎ ይመታል፤ 100 ሜትር ላይ ሳይሆን ራቅ ሲል። ሙቀቱም አለ። ብዙ ባሩድ ሲሞቅ ፍጥነት ይጨምራል፣ ሲበርድ ይቀንሳል። የአክስቴ ልጅ አሮጌውን ጥይት የሞከረው በበጋ፣ አዲሱን በብርድ ነበር። አራተኛ ለውጥ ማለት ነው፤ ይህን ግን እንደ ለውጥ አልቆጠረውም።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ሦስት የምትለው ቁጥር ናት።

ሦስት ጥይት ተኩሶ 2 ሴንቲ ሜትር አገኘ። ሌላ ሦስት ተኩሶ 3.5 አገኘ። ይህ ምንም ላያረጋግጥ ይችላል። ከአንድ ክፍል ሦስት ተማሪ ጥራ። በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያለውን ልዩነት ለካ። ሦስቱም መካከለኛ ሆነው ልዩነቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሦስት ስትጠራ አንድ በጣም ረጅም ልጅ ይገባና ልዩነቱ ይሰፋል። ክፍሉ ግን አልተቀየረም። አሥር ተማሪ ብትጠራ ደግሞ ረጅሙም አጭሩም የመግባት ዕድላቸው ይጨምራል። ስሌቱ የታወቀ ነው፤ ምንም ሳይቀየር የአሥር ጥይት ስብስብ ከሦስት ጥይት ስብስብ በአማካይ 1.6 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። በአማካይ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚሰበስብ ጠመንጃ በአንድ ዙር 2፣ በሌላው 3.5 ቢሰጥ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው አንዷን ያማረች ባለ ሦስት ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ያልተሳካውን ወረቀት ይጥለዋል። ከዚያ ጠመንጃው ወረቀቷን ሳይመስል ሲቀር ካፕሱል ይከሳል።

ስለዚህ እንዲህ አልኩት። መጀመሪያ ግን ጠየቅኩት፤ በአዲሱ ጥይት ስትተኩስ፣ ቀለሁን ለማውጣት የምትከፍተው መቀርቀሪያ ይከብድሃል? «አዎ፣ ትንሽ ያዝ ያደርገኛል» አለ። ያን ስሰማ ልቤ ደነገጠ። መቀርቀሪያው አልከፈት ሲል ወይም ካፕሱሉ ተደፍጥጦ ሲወጣ ግፊቱ ከልክ እያለፈ እንደሆነ ይጠረጠራል። የቀሩትን እንዳይተኩስ፣ እንዲፈታቸው ነገርኩት። ከአራቱ አንዱ እንኳ ሲቀየር፣ የጥይት አሞላል መመሪያ መጽሐፉ ከሚሰጠው ዝቅተኛ የባሩድ መነሻ እንደ አዲስ ይጀመራል። ይህ በሙያው ያሉ ሁሉ የሚስማሙበት ነገር ነው። አንድ አጋዘን ቢቀር ይቅር። አንተ ግን አንድ ነህ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሥርዓት አወጣን። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል። በእያንዳንዱ አሥር ጥይት ይተኮሳል። አዲሱ የተለየ ከመሰለ ወደ አሮጌው ይመለስና እንደገና አሥር ይተኩሳል። የሦስተኛዋ ደረጃ ጥቅም ትልቅ ነው። አሮጌው ሲመለስ ስብስቡም ከተመለሰ፣ ለውጡ የእውነት ነው። ካልተመለሰ ደግሞ የቀየረው ነፋስ፣ ብርድ፣ የራሱ ድካም ወይም ዕድል ነው። ቀኑም አንድ ይሁን፤ ከቻለ አንዱንና ሌላውን እያፈራረቀ ይተኩስ።

መሳቢያው ውስጥ 20 አሮጌ ካፕሱሎች ተገኙ። በራሱ አሮጌ ቀለህና በአዲሱ ባሩድ፣ ከዝቅተኛው ጀምሮ፣ አሥሩን በአሮጌ ካፕሱል፣ አሥሩን በአዲሱ ተኮሰ። አሮጌው 3.6 ሴንቲ ሜትር። አዲሱ 3.4። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ካፕሱሉ ነጻ ወጣ። ያ የሚኮራበት 2 ሴንቲ ሜትር ደግሞ የታደለ ቀን ወረቀት ሳይሆን አይቀርም።

የጓደኛውን ቀለህ በሚዛን ከራሱ ጋር ሲያነጻጽር ከበድ ብሎ አገኘው። ክብደቱ ወፍራም ግድግዳን ያመለክታል፤ መቀርቀሪያው የያዘውም በዚህ ይመስለኛል። ለይቶ በሌላ ሣጥን አስቀመጠው። በራሱ ቀለህ መቀርቀሪያው ቀለል አለ።

የቀረው የባሩዱ ጣሳ ነው። አሮጌው ስላለቀ ጎን ለጎን ማወዳደር አልቻለም። ከጓደኛው ግን ካለቀው ጋር አንድ የምርት ቁጥር ያለው አሮጌ ጣሳ ተገኝቷል። በረዶው ሲቀልጥ ሁለቱን ይዞ ወደ ሜዳው ይወጣል። የሁለቱንም አሥር አሥር ቀዳዳ ፎቶ አንስቶ ሊልክልኝ ተነጋግረናል።